ስልኬ ሦስት ጊዜ ለመነኝ

«አባባ፣ ዛሬ ስልክዎን አፕዴት እንዳያደርጉ!» ስትል ጮኸች ባለቤቴን የምታስታምመው ፊሊፒናዊት ጆሲ፣ አዲሱ አፕዴት የድምፅ መልእክቶችን እያጠፋ መሆኑን የአገሯ ልጆች የቴክኖሎጂ ወሬ ከሚለዋወጡበት ግሩፕ እንዳነበበች።

እኔ ግን፣ ሁለቴ እምቢ ያለ ሰው ሦስተኛ ሲለመን አሻፈረኝ ማለቱ በእኛ ወግ ነውር ነውና፣ ጠዋት «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኜዋለሁ።

«ስልክም ይታፈራል እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ባለቤቴ በየሰንበቱ ዋዜማ የምትሰማው ቄስ የነበረው የሟች ወንድሟ ምርቃት በድምፅ መልእክት እዚያ ስልክ ላይ ብቻ እንዳለ ስነግራት ግን መፍትሔ እንዲነግሯት ፈጥና ለግሩፑ ጻፈች።

እዚህ ኢየሩሳሌም፣ የማሃኔ የሁዳ ገበያው ስልክ ጠጋኝ ዓርብ ነውና ለሰንበት ቀድሞ ዘግቷል፤ ይህን በልጄ ኮምፒውተር ስጽፍ ስልኬ ከአፕዴቱ ወዲህ እንደጠቆረ ነው፣ ሰንበት ሊገባ ነው፣ ባለቤቴም «ወንድሜን አሰማኝ እንጂ» ትላለች።

እናንተስ እንዲህ የጠፋ ድምፅ አጋጥሟችሁ ያውቃልን? የተመለሰላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እናንተ ሦስቴ ሳልለምናችሁ ቀድማችሁ ጻፉልኝ።