የማዕረጌን ቀን ላስተካክል ሄጄ

የተጠባባቂ ጦር መቶ አለቃ ነኝ፤ አንኮበር ሒሳብ አስተምራለሁ። ማዕረጌን ያገኘሁበት ቀን ፋይሌ ላይ አንድ ዓመት ዘግይቶ ስለተመዘገበ ቀኑ እንዲስተካከልልኝ ቅሬታ አስገባሁ። ከወራት በኋላ ስልክ ተደወለና "መታወቂያህን ይዘህ ደብረ ብርሃን የጦሩ ቢሮ ቅረብ" ተባልኩ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ባለቤቴ "ይቅርብህ፤ የተኛ ፋይል ቀስቅሰህ ጣጣ ታመጣብናለህ" አለችኝ። እኔም ፈርቻለሁ፤ መቅረቱ ግን ይበልጥ አስፈራኝ።

ቢሮው ውስጥ አንድ ሻለቃ ፋይሌን ያነባል። ተቀመጥ እንኳ አላለኝም። አንድ ገጽ ያነብና ቀና ብሎ ፊቴን ያያል፤ ደግሞ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። እኔም የወንበሩን መደገፊያ ይዤ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ቅሬታውን ማን ጻፈልህ?"

"ራሴ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ስለ ቀኑ እርግጠኛ ነህ?"

"አዎ፣ ጌታዬ። የሹመት ደብዳቤዬ ኮፒ ተያይዟል።"

ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታና እጄን ጨበጠኝ። "ልክ ነህ፤ ስህተቱ የእኛ ነው። ተስተካክሏል።"

ትንፋሼ መለስ አለ። አመስግኜ ልወጣ ስል ከመሳቢያው የስም ዝርዝር አወጣና ስሜን በእስክሪብቶ ጨመረበት።

"አሁን በተስተካከለልህ ዓመት የተሾሙት መኮንኖች ለግዳጅ ተጠርተዋል" አለኝ። "ሰኞ ጠዋት እዚሁ ትገኛለህ።"