የተክሉ ዋስ

ሾፌሩ ደውሎ "እህትሽ እንግዳ ልካልሻለች፤ ነይና ውሰጂ" ሲለኝ ሰው መስሎኝ ነበር። መናኸሪያ ስደርስ ከሚኒባሱ የፊት ወንበር ላይ፣ ነጠላ ተከናንቦ፣ ቀበቶ ታስሮለት፣ በተቆረጠ ጀሪካን የተተከለ ቅጠላም ነገር ተቀምጧል። ሒሳቡም እንደ ሰው ተከፍሎለታል።

ከሞቃትና ዝናባማ አገር ጫካ የመጣ ብርቅ ተክል ነው አሉ። ቅጠሉ ሰሃን ያክላል፤ መሃል መሃሉ ተቀዷል፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ነጭ ነው። እህቴ ባህር ዳር ሆና ስታሳድገው ኖራ ለሥልጠና ርቃ ልትሄድ ስለሆነ በሾፌሩ በኩል አደራ አለችኝ። እስቲ አሁን እርጥበት የሚወድ ተክል ወደ ሰቆጣ ይላካል? ግን ከእኔ ሌላ ዘመድ የላትም። እኔም ከእሷ ሌላ የለኝም። ያም ሆኖ አንነጋገርም፤ ከእናታችን ተዝካር ማግስት በእናታችን ሳጥን ከተጣላን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ሳጥኑ የሚገባው ለእኔ ነው፤ ይህን አሁንም እላለሁ።

ተክሉ ከመጣ ወዲህ ሲመሽ ትደውላለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ "ቅጠሉ እንዴት ነው?" ትላለች። "ደህና ነው" እላለሁ። ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። እበሽቃለሁ፤ ግን ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ስልኩን ከእጄ አላወጣውም። ይህ ተክል ከደረቀ ያቺ ልጅ ዳግመኛ እንደማትደውል አውቀዋለሁ።

ቅጠሉ ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጭበት ተብሏል። ያውም ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ በሚውልበት ሰፈር! መርጫ ስለሌለኝ ልብስ ስተኩስ እንደማደርገው ውሃውን በአፌ እየያዝኩ ቡፍ እልበታለሁ። ጎረቤቶቼ በአጥር እያዩ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዝም አሉ፤ በመጨረሻ ነጩን አይተው ለምጽ ነው አሉና ለበሽተኛው ጠበል ይዘውልኝ መጡ። ጠበል እምቢ አይባልም፤ አጠጣሁት። አዲስ ቅጠል አወጣ።

ያን አዲሱን ቅጠል ነው የጎረቤቴ ፍየል የበላችው። ለካ ቅጠሉ አፍ ያቃጥላል። ፍየሏ ለሃጯን እያዝረበረበች፣ ምላሷ አብጦ፣ ሰፈሩን በጩኸት አናጋችው። ጎረቤቴ የምትታለብ ፍየሌን መረዘብኝ፣ ይነቀልልኝ አለች። እኔ ደግሞ ማን ብዪ አላት አልኩ። ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ።

ሽማግሌዎቹ የንስሐ አባቴና የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ ናቸው። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሁለቱም ወገን ይቅረብ ስለተባለ ፍየሏ በገመድ፣ ተክሉ በጀሪካኑ ቀረቡ። ፍየሏ ገና እንዳየችው ወደ ኋላዋ ሸሸች፤ ይህም በተክሉ ላይ እንደ ምስክር ተያዘበት። ብዙ ከተባለ በኋላ ፍርዱ ያው እንደ ሰው ፍርድ ሆነ። ሁለቱም ዳግመኛ ላይተናኮሉ ዋስ ይጥሩ፤ ዋስ ያጣ ከሰፈር ይውጣ። ለፍየሏ ባለቤቷ ዋስ ሆነች።

እኔም ለተክሉ አለሁ አልኩ።

"አንቺ ባላደራ ነሽ" አሉኝ አባ። "ዋስ የሚሆነው ባለቤት ነው። ባለቤቱ ማን ናት?"

እህቴ ይህን ሰምታ እምቢ ካለች ተክሉ ከሰፈር ወጣ፣ ስልኩም ቀረ ማለት ነው። ሐጂ ስልኬን ተቀብለው ደወሉ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። እህቴ እኔ መስያት ገና ስታነሳው ስለ ቅጠሉ ጠየቀች። ሐጂ ከፍየሏ አፍ ጀምረው እስከ ዋስትናው ድረስ አስረዷት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ የሰቆጣ ልጅ ናትና በሽማግሌ ፊት አልሳቀችም። ዋስ ነኝ አለች።

አባ እዚህ ላይ ሊተዉት ይችሉ ነበር። ግን ዕርቅ ሲያልቅ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ነገር አለ። መስቀላቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉና እሷንም ጠየቋት።

"ልጄ፣ ከፍየሏ ሌላ የተጣላሽው ሰው አለ?"

ሐጂ ስልኩን እጄ ላይ አኖሩት። ስለ ሳጥኑ የምላትን ሁሉ ስንት ጊዜ ሳሰናዳ ኖሬ፣ አንድ ቃል እንኳ አልመጣልሽ አለኝ።

"አንዱ ቅጠል ተበልቷል" አልኳት፤ እንባዬ ቀደመኝ።

"ቅጠሉን ተዪው" አለች እህቴ። "አንቺ እንዴት ነሽ?"