ስለ ኮበለለ ንብ

ባለፈው እሁድ ቦንጋ እህቴ ቤት ምሳ ላይ ጠበቃው ልጇ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዞ ያስቀን ጀመር። ሰው የረሳቸው፣ ግን ማንም ያልሻራቸው አንቀጾች አሉ እያለ ሲያገላብጥ ስለ ኮበለለ ንብ የሚለው ጋ ደረሰ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ቆጮዬን አስቀምጬ ደጅ ወጣሁ።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሺሺንዳ አስተማሪ ነበርኩ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል፣ በማይመለከተኝ ሁሉ ጥልቅ የምል ጎረምሳ። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁት ያ ሕግ ከእጄ አይለይም። ቤት ያከራዩኝ እትዬ አለሚቱ ባላቸው ሲሞቱ የቀረላቸው አንድ ቀፎ ብቻ ነበር። የዓመት ጨውና ልብሳቸው ከዚያ ማር ነው።

ገተማው፣ ንብ የሚወደው የጫካ ዛፍ፣ ያበበ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ንቡ ግር ብሎ ተነሳ።

«ኮበለለብኝ» አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን እያደገደጉ።

«እንከተለው። እስከተከተሉት ድረስ የእርስዎ ነው፣ ሕግ አለ» ብዬ ከፊት ሮጥኩ።

እንሰቱን ጥሰን፣ ጭቃውን አቋርጠን ጫካ ገባን። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። እሳቸው ሊቀጥሉ ሲሉ «ትንሽ እንረፍ፣ የትም አይሄድ» ያልኩት እኔ ነኝ። ቀና ስንል ንቡ የለም። ተስፋ ቆርጠን ተመለስን።

በማግስቱ የጎረቤታችን የጋሽ ወልዴ ቀፎ፣ ጫካ ተሰቅሎ ሁለት ዓመት ባዶውን የከረመው፣ ንብ እንደገባለት ሰማን። እትዬን አስከትዬ፣ መጽሐፌን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ወልዴ አልተቆጡም።

«በኛ ወግ ንቡ የገባበት ቀፎ ባለቤት ነው የሚወስደው። ሕጉ ሌላ ካለ ግን፣ እኔ ማንበብ አልችልም፣ አንተ አንብብልኝ» አሉ።

ጀመርኩ። ባለቤቱ መከተሉን ከተወ መብቱ ይቀራል የሚለው ጋ ስደርስ ዓይኔ ቆመ። እትዬ ፊቴን ያያሉ። ዘለልኩት።

«እንግዲህ ሕግ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ። ማምሻውን ንቡ ጸጥ ሲል ዛፉ ላይ ወጥተው ቀፎውን በገመድ አወረዱ። ራሳቸው ተሸክመው አመጡልን።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ወልዴ በድንበርም በከብትም ከሰው በተጋጩ ቁጥር «አስተማሪው ያንብብልኝ፣ እሱ አያዳላም» እያሉ ይመጡ ጀመር። አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ። ዓመቱ ሳያልቅ ዝውውር ጠይቄ ደካ ሄድኩ፤ እዚያም አልረጋሁም።

የእህቴ ልጅ ተከትሎኝ ወጣ። «ለመሆኑ ይሄን አንቀጽ ማን ተጠቅሞበት ያውቃል?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት።

ጋሽ ወልዴ ዛሬም በሕይወት አሉ። ሄጄ ሙሉውን ላነብላቸው ስንቴ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። ቁጣቸውን አልፈራም። የምፈራው፣ ከዚያ በኋላ በሐቅ ያነበብኩላቸውን፣ እኔን አምነው የለቀቁትን ድንበርና የታረቁትን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ መጠራጠር እንዳይጀምሩ ነው።