የእትዬ አስካለ ዶሮዎች

ያቺን ጓሮ ያጎነበሰች ልጅ እስቲ እያት። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ከእትዬ አስካለ ምግብ ቤት ጀርባ ናት። አንዲት ዶሮ ክንፏን ጥላለች፤ ልጅቷ የዶሮዋን አፍ ከፍታ ጉሮሮዋን ታያለች። ውስጥ እንግዳው ጠረጴዛ ይደበድባል።

አያልነሽ ትባላለች። አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ነጥብ ስትጨርስ ሒሳብ አያያዝ መደቧት። ምን ትወጃለሽ ያላት የለም። ወንድሟ ሲታሰር ትምህርቱን ጥላ በሞያሌ ወጣች። ይኸው በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ናይሮቢ ላይ ሳህን ታነሳለች።

ዘንድሮ ለስደተኞች የኮሌጅ ዕድል መጣና ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ኬንያዊቷ ኃላፊ ጠየቀች፤ ረታ የሚባል የኛው ሰው አስተረጎመ።

«ምን መማር ትወጃለሽ?»

«የመደባችሁኝን።»

«እዚህ የሚመድብሽ የለም እህቴ፤ የምትወጂውን ንገሪያት።»

አያልነሽ በሩን አየች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከቀበሌ ታውቀዋለች፤ ትክክለኛው መልስ ጠያቂው ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ እትዬ አስካለ ያስጠኗትን አለች።

«ነርስነት።»

«በሽተኛ አስታመሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔ፣ ሰው ሲያቃስት ከሰማሁ እሸሻለሁ።»

ረታ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ኃላፊዋ ግን አልሳቀችም፤ አስበሽበት ሐሙስ ተመለሺ፣ ካልሆነ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አለች።

እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ደርግ ሳይጠይቅ መደባት፤ እሺ፣ ደርግ ነው። እኛስ? ምሳ ሊበላ የመጣው ሁሉ መዳቢ ሆነባት። አንዱ «ሕግ ተማሪ» ይላል፣ ሌላው «ጊጊሪ፣ ተመድ ቢሮ የሚያስቀጥር ነገር ያዢ» ይላል። ጉርሻውን እየዋጠ የሰው ዕድሜ ያከፋፍላል! እሷን የጠየቀ አንድም የለም።

ረቡዕ ዕለት እትዬ አስካለ ጓሮ ወጡ።

«አንቺ! እንግዳው ጦሙን ዋለ እኮ!»

«መጣሁ እትዬ። ፈንግል ይመስለኛል፣ የታመሙትን ልለያቸው ብዬ ነው።»

«ደሞ የምወደው ጠፋኝ ትያለሽ! ነገ እኔው ሄጄ እነግርልሻለሁ፤ ሰው ትታ ዶሮ ነው የምትወደው ብዬ!»

አያልነሽ ቀና አለች። «ዶሮ ትምህርት ነው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጠይቂያቸዋ!»

ሐሙስ ጠየቀች። «የእንስሳት ሕክምና የሚባል ካለ፣ እሱን» አለችና የሚቆጣት እንዳለ ዙሪያዋን ቃኘች። ማንም አልተቆጣም። ኃላፊዋ ስለ ዶሮዎቹ ጠየቀቻት፤ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ማውራቷን አላቆመችም። ቦታውን አገኘች።

ምግብ ቤት ውስጥ ግን ሳቅ ሆነ። «ዳክታሪ ዋ ኩኩ! የዶሮ ሐኪም! ለዚህ ነው አገር ጥለሽ የመጣሽው?» አላት አንዱ።

«ዝም ብለህ ብላ!» አሉት እትዬ አስካለ። «እሷ ባትኖር ዛሬ ሽሮ ነበር የምትበላው።»

አንተም ፎርም ፎር፣ የዚህን አገር ሁለተኛ ደረጃ፣ የጨረሰ ልጅ ቤትህ ካለ፣ ዛሬውኑ ምን እንደሚወድ ጠይቀው። ሲነግርህ ደግሞ፣ እባክህ፣ አትሳቅበት።