ሦስት ሰዓት ከዐሥር

ያ የድሮ ኃላፊዬ በጡረታ ሲሸኝ ንግግር ማድረጉን ሰማሁ። እኔ አልተጠራሁም፤ ቢጠሩኝም አልሄድም ነበር። የሄዱት ናቸው የነገሩኝ። ኮምፒውተርን ወደ መሥሪያ ቤታችን ያስገባው እሱ መሆኑን ተናገረ አሉ። ማሽኑን የሚያስነሣው የዚያን ጊዜው ፕሮግራም፣ ዶስ፣ እንደ ዛሬዎቹ የሚሞላቀቅ እንዳልነበረ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳላሳፈረው ተናግሮ ተጨበጨበለት። ስለ ዶስ ያለው እውነት ነው። ዶስ አላሳፈረንም። የሰውዬውን ስም አልጽፍም፤ የሆነውን ግን እጽፋለሁ።

መሥሪያ ቤታችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ፣ ታቹ ሱቅ ላዩ ቢሮ በሆነ አሮጌ የጣሊያን ሕንፃ ውስጥ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ታይፒስት ነበርኩ። ሁለት ኮምፒውተሮች በእርዳታ ሲመጡ አንድ ክፍል ተለቀቀላቸው፤ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ፤ አቧራ እንዳይነካቸው የሚገባ ሰው ሁሉ ጫማውን በር ላይ እንዲያወልቅ ታዘዘ። የአራዳ ልጆች የሆኑት ሌሎቹ ታይፒስቶች ጧት ጧት ሲያገኙኝ "ሙሽሮቹ እንዴት አደሩ? ዛሬም ከጫጉላ አልወጡም?" ይሉኝ ነበር። ቁልፉ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ በእኔ፣ ሌላው በኃላፊዬ እጅ። ቁልፍ መያዙን ያኔ እንደ ሹመት ቆጥሬው ነበር።

አንድ የውጭ ሰው መጥቶ አምስት ቀን አሠለጠነን። ማሽኑ በራሱ ምንም አያውቅም፤ ጧት ዲስኬት ካልጎረሰ አይነቃም። የሚያነቃው ዲስኬቱ ላይ ያለው ዶስ ነው። አሠልጣኙ እንደነገረን ይህን ፕሮግራም መጀመሪያ የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ በጥቂት ወራት፣ በችኮላ፣ ለጊዜው ያገልግል ብሎ። ያወጣለት ስም ራሱ "የጥድፊያ ሥራ" እንደማለት ነበር አለን። ኋላ ሌላ ኩባንያ ገዛውና ዓለምን አዳረሰው። ለጊዜው ነኝ ብሎ የመጣ ስንት ዓመት ሊቆይ እንደሚችል እኛም እናውቅ ነበር፤ ከፍ አድርጎ የተናገረ ግን አልነበረም። ልጄ ዛሬ የምትሠራበት ኮምፒውተር ዲስኩን አሁንም "ሲ" ብሎ ነው የሚጠራው። ኤ እና ቢ ምን ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እነዚያ የእኔ ሁለት የዲስኬት ማስገቢያዎች ነበሩ።

ዶስ ሲነቃ ቀኑን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ሰዓቱን። ማሽኑ ሲጠፋ ሁለቱንም ይረሳቸዋል፤ ስለዚህ በየጧቱ ይጠይቃል። የእኛ ዓመተ ምሕረት ገና ሰባዎቹ ውስጥ ነበር፤ ዶስ ደግሞ ከሰማንያ በፊት ያለ ዓመት አይቀበልም። ልክ አይደለም ብሎ መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ማስገባት ግድ ሆነ። ሰዓቱ ላይ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የለበትም። ሦስት ቢሉት ሦስት ብሎ ይቀበላል። የማን ሦስት እንደሆነ አይጠይቅም።

አሠልጣኙ ሰዓቱም በፈረንጅ ይግባ ብሎን ነበር። በሄደ ማግሥት ኃላፊዬ የእጅ ሰዓቱን አይቶ በእኛ ሰዓት አስገባ። "የእኛን መብራት እየበላ የፈረንጅ ሰዓት አይቆጥርም" አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ በየጧቱ ዲስኬቱን የሚያጎርሰውም፣ ሰዓቱን የሚጽፈውም እሱ ሆነ። ይህን ሥራ ለማንም አይሰጥም ነበር።

አንድ ሐሙስ ጧት ማሽኑን አስነሥቶ ሲያበቃ የስም ዝርዝር እንዳስተካክል አዘዘኝ። ከሠራተኛው ቤተሰብ ወደ ብሔራዊ ውትድርና የሚወሰዱ ወጣቶች ዝርዝር ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ ሁለት ስም ነገረኝ፤ ጨመርኩ። አተምኩትና ወረቀቱን ይዞ ወጣ። በሳምንቱ ልጆቹን ሊወስዱ ሲሄዱ ግማሾቹ ከቤታቸው አልተገኙም። አስቀድሞ ያስጠነቀቃቸው አለ ተባለ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባውቅም አልጽፈውም።

ነገሩን ሊያጣራ ከጸጥታ የመጣው ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። ውጭ አገር የተማረ ነበርና ስክሪን ማንበብ ያውቃል። የፋይሎቹን ዝርዝር እንዳወጣለት አዘዘኝ። ዶስ ፋይሉ መጨረሻ የተነካበትን ቀንና ሰዓት ከስሙ ጎን ይጽፋል። ሰውየው ጣቱን መስተዋቱ ላይ አሳረፈ። ሦስት ሰዓት ከዐሥር ይላል፤ ከጎኑ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ኤ አለች።

"ይቺ ፊደል ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ማለት ናት" አለ። "የፈረንጅ ሦስት በእኛ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። በሰዓት እላፊ እዚህ ክፍል ገብቶ ዝርዝሩን የከፈተ ማነው?"

የሕንፃው የሌሊት ዘበኛ ማንም አልገባም ብሎ ምሎ ነበር። ስለማለ እሱንም ጠርጥረውታል።

መልሱ ቀላል መሰለኝ። "ጧት ነው ጓድ። ማሽኑ ውስጥ የሚገባው በእኛ ሰዓት ነው" አልኩ።

"ማን ነው የሚያስገባው?"

ወደ ኃላፊዬ ዞርኩ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅበት። እኔ ነኝ፣ ጧት አብረን ነበርን፣ ቢል ነገሩ ያበቃል። ያን ካለ ግን ዝርዝሩ ሲከፈት እሱም አብሮ እንደነበረ ማመኑ ነው።

"የማሽኑ ሥራ የእሷ ነው" አለ። "ሰዓቱ ምን ተብሎ እንደሚገባ እኔ አልከታተልም።"

የአራት ዓመት ልጄን ጧት ውቤ በረሃ ለጎረቤቴ ሰጥቼ ነበር የመጣሁት። ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። በዚያ ጊዜ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ የተባለ ሰው ማታ ቤቱ ይግባ አይግባ የሚያውቅ አልነበረም። አእምሮዬ ግን ይሠራ ነበር።

"ላሳይዎት" አልኩና ማሽኑን አጠፋሁት። እንደገና ዲስኬት አጎረስኩት። እየተንቋቋ እስኪነቃ ያለው ጊዜ አላልቅ አለኝ። ቀኑን ጠየቀ፤ ጻፍኩ። ሰዓቱን ሲጠይቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቼ አምስት ከሃያ አልኩት። ረፋድ ነበር፤ ከመጋረጃው ሥር ፀሐይ ገብታለች። አንድ መስመር ጽፌ አስቀመጥኩና ዝርዝሩን አወጣሁ። አምስት ሰዓት ከሃያ፣ ከነኤው።

"ይኸው ጓድ። በእርስዎ ንባብ አሁን ሌሊት ነው።"

ሰውየው ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ አየ። እንደገባው አውቃለሁ። ከዚያ ፈገግ አለ። "ጎበዝ ነሽ። ማሽኑ ያልሽውን ሁሉ ያምንሻል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምስክር ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ሰው ነው።" ወደ ኃላፊዬ ዞረ። "እህ፣ ጓድ? ሰዓቱ በእኛ ነው የሚገባው?"

"እባክዎ፣ ልጅ አለችኝ" አልኩት ኃላፊዬን። ጓድ ማለቱን ረስቼ እንደ አባት ነው የለመንኩት።

እሱ ዲስኬቱን ከማሽኑ አወጣ። ጣቱ ጥቁሩን ፊልም እንዳይነካው ተጠንቅቆ የወረቀት ከረጢቱ ውስጥ ከተተው። "እንደነገርኩዎት ነው" አለ ለሰውየው።

ሃያ ስድስት ቀን ቀበሌ ታሰርኩ። እዚያ ስላየሁት አልጽፍም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዕቃሽን ይዘሽ ሂጂ ተባልኩ። ለምን እንደታሰርኩም፣ ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። ልጄ ከጎረቤቴ ቀሚስ ኋላ ሆና አየችኝ። "እናትሽ እኮ ናት፣ ሂጂ ሳሚያት እንጂ የኔ እናት" አለቻት ጎረቤቴ። አልመጣችም። ለእሷ ማታ እመጣለሁ ብላ የቀረች ሴት ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወር በር በተዘጋ ቁጥር ታለቅስ ነበር።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ሙሽሮቹ ከታሰርኩ ጀምሮ አልተከፈቱም፤ ሊያስነሣቸው የደፈረ አልነበረም። ኃላፊዬ "እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ" ብሎ ዲስኬቱን በእጄ ሰጠኝ። ማጉረሱን ትቶታል። ማሽኑ ያን ሁሉ ቀን ጠፍቶ ቆይቶ ምንም ሳይጎድልበት ነቃ። ቀኑን ጠየቀኝ፤ ጻፍኩ። ሰዓቱን ሲጠይቀኝ ኃላፊዬ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ አስተማሪ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "በፈረንጅ ሰዓት ነው እንግዲህ፤ አሠልጣኙም ነግሮን ነበር" አለኝ።

ዞሬ አላየሁትም። እሺ አልኩ። ቤት ልጅ ነበረችኝ።