ጀማነህ የተወው ቤዝ ጊታር

ሰናይት ቤዝ ጊታር መጫወት የተማረችው አርባ አምስት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። ያስተማራት ባሏ ጀማነህ ነበር፤ እሱም አንደበቱ ከተያዘ በኋላ።

አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ፣ የኖርዝላንድ ሰፈር ሐበሾች ጀማነህን የሚያውቁት በመጋዘን ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ ሰው ሲያወራ አዳምጦ ፈገግ የሚል ዝምተኛ ሰው አድርገው ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ባንድ ቤዝ ጊታር ይመታ እንደነበር የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሰናይትም አታወራውም። እንዲተው ያደረገችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰናይት ያኔ የቤተ ክርስቲያን ኳየር ዘማሪ ነበረች። ጀማነህ ጌታን ተቀብሎ ወደ እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ፣ መጋቢው ራሳቸው "በያዝከው ሙያ አገልግል" ብለውት ነበር። ለሰናይት ግን አልተዋጠላትም። ታላቅ እህቷ ሀኒ ያገባችው ሙዚቀኛ ነበር፤ ሲመሽ እየወጣ ሲነጋ የሚገባ፣ ኋላም እሷን ከነልጇ ጥሎ የጠፋ። ሰናይት ያንን የእህቷን ቤት በቅርብ አይታለች። ስለዚህ ጀማነህ ለጋብቻ ሲጠይቃት፣ "ጊታሩ ያለበት ቤት አልገባም። ወይ እሱን ያዝ፣ ወይ እኔን" አለችው።

ጀማነህ ብዙም አልተከራከረም። ጊታሩን ለባንድ ጓደኛው ለሽፈራው ሰጠና ተጋቡ።

ዲቪ ደርሷቸው ኮለምበስ ከመጡና ልጃቸው ሩሃማ ከተወለደች ከዓመታት በኋላ ነገሩ አንዴ ተመልሶ መጥቶ ነበር። እዚያ የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር መሪ ኤልናታን ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንግ ውስጥ ጠበቃቸው።

"ጋሼ ጀማነህ፣ ድሮ ቤዝ ይጫወቱ ነበር አሉ። እኛ ደግሞ ሰው አጥተናል" አለ።

ጀማነህ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሰናይት ቀደመችው።

"እሱ ያንን ነገር ትቶታል። ባታነሳበት ይሻላል።"

ጀማነህ አፉን ዘጋ፤ ለኤልናታን ፈገግ አለለትና የመኪናውን በር ከፈተ። ቤት እስኪደርሱ ስለ ነገሩ አላነሱም፤ ከዚያም በኋላ አላነሱትም። ሰናይት ባሏን ከፈተና የጠበቀችው መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ሊናገር የነበረውን አልጠየቀችውም።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ሰናይት የምትሠራው አፐር አርሊንግተን ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። በሩ ለጠያቂ ተዘጋ። ልጆች በመስኮት በኩል ቆመው ወላጆቻቸውን ሲያዩ፣ ስልኩን ወደ ሽማግሌዎቹ ጆሮ የምታስጠጋው እሷ ነበረች። በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ፣ ጀማነህ ሥራ ላይ ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ሆስፒታሉ አላስገባትም። የማታውቃት ነርስ ስልክ ይዛላት የባሏን ፊት በስክሪን አየች፤ ለሰው ስታደርገው የከረመችውን ሌላ ሰው ለእሷ ሲያደርግላት ለማልቀስም አፈረች።

ቤት ሲመለስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም። የሚሉትን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፤ መልስ ለመስጠት ሲሞክር ግን ቃሉ አይወጣለትም። ከአማርኛውም ከእንግሊዝኛውም የተረፉለት ጥቂት ቃላት ናቸው። "አንቺ" ይላል። "እሺ" ይላል። ውሃ ሲፈልግ እሺ፣ መድኃኒቱን እየገፋ እሺ፣ ሲደክመው እሺ።

ሕክምናው በቪዲዮ ሆነ። አንድ ቀን ቴራፒስቷ ሩሃማን አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ሩሃማም ወደ እናቷ ዞራ፣ "ማሚ፣ ድሮ በእጁ ምን መሥራት ይወድ ነበር እያለች ነው። ቃል እንቢ ያለው ሰው ዜማ እሺ ሊለው ይችላል፣ ሙዚቃም ካለ ጥሩ ነው አለች" አለቻት።

ሰናይት የጀማነህን ብርድ ልብስ ማስተካከል ጀመረች። ልጅቷ ያልገባት መስሏት ደገመችላት።

"ቤዝ ጊታር" አለች ሰናይት በመጨረሻ።

ሩሃማ አባቷን አየች፣ እናቷን አየች። "ዳዲ ሙዚሽያን ነበር? እንዴት እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝም?"

ጀማነህ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሰናይት ለኤልናታን ኮል አደረገችለት። አምልኮው በዙም ስለሆነ የቤተ ክርስቲያኑ ቤዝ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ኤልናታን ጊታሩንና አንዲት ትንሽ አምፕሊፋየር በራቸው ላይ አስቀምጦ፣ ማስኩን እንዳደረገ ራቅ ብሎ በእጁ ሰላም ብሏቸው ሄደ። ለምን ፈለግሽው አላለም።

ሰናይት ጊታሩን ሶፋው ላይ ለተቀመጠው ባሏ ጭኑ ላይ አኖረችለት። ግራ እጁ ሳያይ ሄዶ የጊታሩን አንገት ያዘ። ጣቶቹ ክሮቹ ላይ ተደረደሩ፤ ትናንት ያቆመው ነው የሚመስለው። ቀኝ እጁ ግን ጎኑ ላይ እንደተጣለ ቀረ። ሊያነሳው ታገለ፤ ግንባሩ ላቦት አወጣ። ሰናይት "በቃ ጀሜ፣ አትድከም" ብላ ጊታሩን ልታነሳ ስትል፣ በግራ እጁ የእሷን ቀኝ እጅ ያዘና ክሮቹ ላይ አስቀመጠው።

"አንቺ" አለ።

እንዲህ ተጀመረ። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ እሱ በግራ እጁ ክሩን ይጫናል፣ እሷ በቀኝ እጇ ትመታለች።

መጀመሪያ ላይ ሰናይት መዝሙር ላይ እንደምታጨበጭበው እያንዳንዱ ምት ላይ ትጥለው ነበር። ጀማነህ ራሱን ይነቀንቅና ክሩን አፍኖ ያስቆማታል። ከዚያ በአፉ ያወጣላታል፤ "ዱም… ዱ-ዱም… ም…"። ቃል አልወጣ ያለው ሰው ዜማው አንድም ቦታ አይሰናከልበትም።

የመጀመሪያው ትምህርት ችክችካ ነበር። ሰናይት ችክችካን የማውቀው ነው ብላ ጀመረች፤ ስንት ሠርግ ላይ ሰምታዋለች። ስትይዘው ግን ከእጇ አመለጠ። በአንድ ጆሮ ሲሰሙት ሦስት ሦስት እያለ ይሮጣል፤ በሌላው ሲሰሙት ሁለት ሁለት እያለ ይራመዳል። ጀማነህ ጉልበቷን በግራ እጁ እየመታ ሁለቱን ለየላት። ቤዙ ከሯጩ ጋር እንደማይሮጥ፣ ከበሮው በሚተወው ቦታ ላይ ገብቶ እንደሚቀመጥ ያወቀችው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ያቺን ክፍት ቦታ መጠበቅ አቃታት። ሁልጊዜ ቀድማ ትገባለች። ጀማነህ ደግሞ ሁልጊዜ ክሩን አፍኖ ያስቆማታል፤ ተቆጥቷት አያውቅም።

ጣቶቿ ውሃ ቋጠሩ፣ ፈረጡ፣ ጠነከሩ። ሥራ ቦታ ጓንት ስታደርግ ያማታል። ሩሃማ አንድ ካሜሩናዊ ቤዝ የሚያስተምርበትን ቪዲዮ አገኘችላቸው፤ ሰውየው የምዕራብ አፍሪካን፣ የኮንጎን ስልት አንድ በአንድ እየበተነ ያሳያል። ጀማነህ ያንን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ድሮ አዲስ አበባ፣ ሆቴሉ ውስጥ ከኪንሻሳ፣ ከናይሮቢ ለሚመጡ እንግዶች ሲጫወቱት የነበረውን ግራ እጁ ያስታውሰው ጀመር። ሰናይት ሰምታው የማታውቀውን መስመር ያወጣል፤ እሷ መከተል ያቅታታል፤ ቆም ብሎ ይጠብቃታል። ከኮንጎው ወደ ጉራጌው፣ ከጉራጌው ወደ ወሎው ይወስዳታል። የወሎው ላይ ጣቶቹ እየተጎተቱ ሲሄዱ ሩሃማ "ዳዲ ያወራ ይመስላል" አለች።

በረዶ በጣለበት አንድ ከሰዓት፣ ሰናይት ከሥራ ኦፍ በነበረችበት ቀን፣ ችክችካው ቦታውን ያዘ። እንዴት እንደያዘ አታውቅም። ክፍቷን ቦታ ጠበቀች፣ ገባች፣ እንደገና ጠበቀች። ወለሉ ከሥር ይነዝራል። ማን መሪ ማን ተከታይ እንደሆነ አይታወቅም። ሩሃማ የኦንላይን ክፍሏን ትታ በሩ ላይ ቆመች። ሰናይት ቀና ብላ ባሏን አየችው። ዓይኑን ጨፍኗል። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ፣ በሠርጋቸውም ቀን፣ ሩሃማም ስትወለድ ያላየችው ደስታ ነበር ፊቱ ላይ።

እጇ ቆመ።

ጀማነህ ዓይኑን ገልጦ በጣቱ ቀጥዪ አላት። አልቻለችም። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ያን ጊዜ ተወው ስትለው መጠጥ ወይም ሲጋራ ያስተወችው መስሏት ነበር። ምን እንደሆነ ሳታውቀው ነው የከለከለችው። አሁን በራሷ እጅ ጨብጣ አወቀችው፤ ያወቀችው ደግሞ ልትመልስለት በማትችልበት ጊዜ ነው።

በፀደይ ሽፈራውን በፌስቡክ ፈልጋ አገኘችውና ደወለችለት። አሁንም አዲስ አበባ ነው። የጓደኛውን መታመም ነገረችው።

"ለካ ለዚህ ነው መደወል ያቆመው" አለ።

"ይደውልልህ ነበር?"

"ሁልጊዜ ነዋ። ከሥራ ለእረፍት ሲወጣ። ጊታሩ እኔ ጋ አይደል፤ 'እስቲ ስልኩን አስጠግተህ ምታልኝ' ይለኛል። እመታለታለሁ። 'እዚያ ጋ ቸኮልክ' ብሎ ያርመኛል። ሌላ ወሬም የለን።"

"ለምን ለእኔ አልነገረኝም?"

"'ሰኒ እንዳትሰማ፤ ቃሌን ያፈረስኩ ይመስላታል' ይል ነበር። አሁን የነገርኩሽ፣ ከእንግዲህ መደበቁ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።"

በዚያው ቀን ሰናይት ከባሏ ወንበር አጠገብ ተንበረከከች። "ጀሜ፣ በድዬሃለሁ። ሳላውቅ ነው አልልም፤ ያኔ ኤልናታን ሲጠይቅህ፣ ልትናገር ስትል ቀድሜ አፍህን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።"

"እሺ" አለ ጀማነህ።

ፊቱን አጥብቃ አየችው። የውሃውን እሺ ይሁን፣ የመድኃኒቱን እሺ ይሁን፣ ወይስ የምትለምነውን፣ መለየት አልቻለችም። ቢቆጣት፣ ቢያለቅስ ይቀላት ነበር። እሱ ግን ጊታሩን በአገጩ አመለከታት። እንጫወት ማለቱ ነው።

ተጫወቱ። ግን ብዙ አልቆየም። በመኸር ወራት ሁለተኛው፣ ቀላል ነው የተባለው ስትሮክ መጣ፤ ግራ እጁንም አደከመው። ክሩን ይጫናል እንጂ ድምፁ አይጠራለትም። ከጥቂት ሙከራ በኋላ እጁን ሰብስቦ ጭኑ ላይ አኖረው፤ ከዚያ ወዲህ ጊታሩን ስትሰጠው አልነካውም። ሰናይት የግራውን እጅ ሥራም ራሷ መማር ግድ ሆነባት። እሱ በጣቱ ቦታውን ያሳያታል፤ ሌላውን ከቪዲዮ ትለቅማለች። የኮንጎውና የወሎው መስመሮች ግን አብዛኞቹ አመለጧት። ያኔ ጣቶቹ እንዴት እንደሚሄዱ አላስተዋለችም፤ የራሷን ቀኝ እጅ ነበር የምታየው።

በፈረንጆቹ 2022 ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ኤልናታን ሊጠይቃቸው ቤት መጣ፤ ስትለማመድም ሰማት። መድረክ ላይ እንድታገለግል ሲለምናት፣ "እኔን ሳይሆን እሱን ጠይቀው" አለችው።

ኤልናታን ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ ጀማነህ፣ ምን ይላሉ?" አለ።

ጀማነህ ወደ ሚስቱ አመለከተ። "አንቺ።"

በግንቦት ወር፣ በአንዱ እሁድ ሰናይት መድረክ ላይ ወጣች። ጀማነህን ከነዊልቼሩ ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጣዋለች። ሁለተኛው አዝማች ላይ ልቧ ቸኩሎ ክፍቷን ቦታ ረገጠችው፤ ከበሮ መቺው ልጅ ዞሮ አያት። ጀማነህ ግራ እጁን ጭኑ ላይ ቀስ እያደረገ ያነሳል፣ ይጥላል። እሱን እያየች ተመለሰች። ሰዉ ቆሞ ዘመረ፤ ከኋላ ያሉ እናቶች እልል አሉ። መዝሙሩ አልቆ ማስታወቂያ ተጀመረ።

በኋላ ኤልናታን ሽቦ እየሰበሰበ፣ "እትዬ ሰኒ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ቤዝ ስንዘምር" አላት።

"ባለሙያው እዚሁ ነበር፤ ከእናንተው ጋር ተቀምጦ" አለች። "እኔ ነኝ ያስቀረሁባችሁ።"

ኤልናታን ሽቦውን መጠቅለል ቀጠለ። ወጣቶቹ ሙዚቀኞች በዊልቼሩ አጠገብ ሲያልፉ፣ ጆሮው የማይሰማ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ሰላም ነው ጋሼ?" እያሉት ወጡ።

ሩሃማ መኪናውን ልታመጣ ስትሄድ ባልና ሚስቱ በሩ ላይ ቆዩ። ጀማነህ አንድ ነገር ያንጎራጉር ነበር። ችክችካ አይደለም፤ ከተማረቻቸው ከአንዱም አይደለም። ረጅም መስመር ነው፤ ወርዶ ወርዶ ቆየት ይልና ካልጠበቀችው ቦታ ይነሳል።

"ይሄ የትኛው ነው ጀሜ? ይሄንን አላሳየኸኝም" አለችው።

እሱ አላቋረጠም። መኪናው ውስጥ ሲያስገቡትም፣ ሞርስ ሮድ ላይ መብራት ይዟቸው ሲቆሙም ያንጎራጉር ነበር። ሰናይት ከኋላ ወንበር ላይ ሆና እንዳይጠፋት በጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ትመታው ጀመር። ሩሃማ ልታወራት ስትል እንዳታቋርጣት በእጇ ምልክት ሰጠቻት። ቤት ሲደርሱ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ሰናይት እሱን አስተኝታ ወዲያው ጊታሩን አወጣችና ለመጫወት ሞከረች። መጀመሪያውን አገኘችው። ሌላው ጠፍቷታል።