ማረሻ የተቀበረበት ግቢ

አጎቴ የአባቴን ግቢ ወሰደብኝ። አልሸጥኩለትም፣ አልሰጠሁትም፣ አልተውኩለትም። ድንጋይ አንቀሳቅሶ ወሰደው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ይህንን ለማስረዳት የደከምኩት ድካም ነው።

ሰሞኑን አዳማ የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ነበረ። አዳራሹ በር ላይ የቆመው ጥበቃ እጄን አስዘርግቶ ያንን ጥቁር ዱላ የመሰለ መፈተሻ ከብብቴ ጀምሮ ወደ ታች ሲያወርደው ወገቤ ላይ ሲደርስ ጮኸ። ቀበቶዬ ነው። «ይለፉ አባቴ» አለኝ ልጁ ፈገግ ብሎ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች «ምነው፣ አመማቸው እንዴ?» እስኪሉ ድረስ። ያ ድምፅ በዚህ ዕድሜዬም ወደ አባቴ ግቢ ይመልሰኛል። የቀረበልኝን ምግብ እንኳ በወጉ አልበላሁትም።

ግቢው ከዓለም ጤና ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ ሲሞት ትንሽ ልጅ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ዝናብም ጠፍቶ ስለነበር እናቴ ይዛኝ አዳማ ገባች፤ ሰው ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችኝ። ቤታችን ባዶውን ቀረ። ኦና ቤት አይቶ የማያውቅ ሰው ቤት የሚፈርስ ይመስለዋል። አይፈርስም። እንደደከመው ከብት ቀስ እያለ ይተኛል። መጀመሪያ ክዳኑ ይሰምጣል፣ ከዚያ ጭቃው እየሟሸሸ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ምሰሶውን ምስጥ ይጨርሰዋል። የቁልቋሉ አጥር ብቻ ያለ ጠባቂ እያደገ ይሄዳል።

ጎልምሼ መቂ ሽንኩርት ጫኝ ሆንኩ። የሽንኩርት ሽታ ከሰው ቆዳ አይወጣም፤ ታጥቤ ልብስ ቀይሬ እንኳ ሻይ ቤት ስገባ አጠገቤ ያለው ፈቀቅ ይልልኝ ነበር። ሽንኩርቱ በሚደርስበት ሰሞን መቂ ሌላ ከተማ ነው። ደላላው ይጮኻል፣ ሾፌሩ ይሳደባል፣ የፈረጠ ቲማቲም አስፋልቱ ላይ ይረገጣል። ጭነቱ ላይ ተቀምጬ ወደ ሞጆ ስንወጣ፣ ዓለም ጤና ከመድረሳችን በፊት ሁልጊዜ ቀና እላለሁ። የኛ ቁልቋል ከአስፋልቱ ይታያላ። አንድ ቀን ቀና ስል ቁልቋሉ በአንድ ወገን ተቆርጧል፤ ውስጥ የአጎቴ በሬዎች ታስረዋል።

በኛ አገር የአባት ወንድም «አዴራ» ይባላል። አዴራ አማን ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ነው፤ ተናዳጁንማ ታየዋለህ።

«አዴራ፣ የአባቴን ግቢ ልሠራበት መጥቻለሁ» አልኩት።

«እንኳን መጣህ ልጄ። የአባትህ ድርሻ ከድንጋዩ ወዲያ ነው።»

ድንጋዩን አየሁት። ከድንጋዩ ወዲያ ያለው ጎርፍ የበላው ገደል ነው።

«ድንጋዩ እዚያ አልነበረም።»

«አንተ ያኔ ይህን ታህል ነበርክ» ብሎ በእጁ ከጉልበቱ ዝቅ አድርጎ ለካኝ። አብረውት የተቀመጡት ሳቁ።

ቀበሌ ብሄድ «ድንበር የሚያውቀው ሽማግሌ ነው፤ በሽማግሌ ጨርሳችሁ ኑ» አሉኝ። ድንበሩ ሲተከል የነበሩት ሽማግሌዎች ደግሞ አንድ ሳይቀሩ አፈር ገብተዋል። የሞተ ሰው ለማን ይመሰክራል?

አዳማ ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ልብስ እየጨመቀች ነበር፤ እጇን ሳታቆም «ማረሻውስ?» አለችኝ።

«የምን ማረሻ?»

«አባትህና አማን ሲካፈሉ በየማዕዘኑ ያለቀ ማረሻ ቀብረዋል። ሽማግሌዎቹ ናቸው ያስቀበሩት። ድንጋይ ለዓይን ነው፤ ማረሻ ለክፉ ቀን። እኔ ነኝ ገንፎ ሠርቼ ያበላኋቸው። ጥልቅ ነው የተቀበረው፣ አማን ራሱ አሁን ቦታውን የሚያውቀው አይመስለኝም።» ከዚያ ያጠበችውን ልብስ ዘርግታ ቁጭ አለችና «በራሴ ደጅ ተቀምጬ ብሞት» አለች። ከዚያ በፊት አንድም ቀን እንዲህ ብላ አታውቅም። እኔ ያን ግቢ የፈለግሁት ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት ቢኖረኝም ከዚያን ቀን ወዲህ አላስታውሰውም።

በየት በኩል ልቆፍር? ግቢው ሰፊ ነው፣ ቁልቋሉ በየአቅጣጫው ተራብቷል። መቂ ውስጥ ተስፋዬ የሚባል ሻኪሶ ወርቅ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነበር፤ ታሞ ሲመጣ ማሽኑን ይዞ መጣ። ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ ነገር፣ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ። ሄጄ ለመንኩት።

«ምን ልትፈልግበት?»

«ብረት።»

ሳቁን ማቆም አቃተው። «ሰዎች ስሙልኝ! እኔ ይሄ ማሽን ብረቱን ትቶ ወርቁን እንዲነግረኝ ስደክም ኖሬ፣ ይሄ ሰውዬ ብረት ፈልግልኝ ይላል!» ካለ በኋላ ግን ግቢው ያረጀ መሆኑን ጠየቀኝ። ያረጀ ነው አልኩት። ዓይኑ ተለወጠ። «ይሁን። ብረት ከተገኘ ያንተ፣ ወርቅ ከተገኘ የኔ።» ተስማማን። ወርቅ እንደሌለ ስለማውቅ የሞኝ ውል የገባው እሱ መስሎኝ ነበር።

ሄድን። አዴራ አማን ከሩቅ አየን እንጂ አልከለከለንም። ጥር ነው፤ ምድሩ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፣ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ዓይን ውስጥ ይከታል። የግራሮቹ ጥላ ከወንፊት አይሻልም። ቁርሳችን ዳቦና ጥሬ ቃሪያ ነበር። ማሽኑ ላይ የተጻፈ ነገር አለ፤ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ያኔ ለኔ የጉንዳን መንገድ ነው። ተስፋዬ «ይህቺን ከነካህ ብረት ይናገራል፣ ይቺኛዋን ከነካህ እጅህን እቆርጠዋለሁ» ብሎ አስረዳኝ።

መጀመሪያ ቀን ያላስጮህኩት ነገር የለም። ማሽኑን ከፍ አድርጌ እንደ መጥረጊያ ሳወዛውዘው ተስፋዬ ዘንጉን ይዞ ዝቅ አደረገብኝ። «ዝንብ ነው የምታባርረው? አፈሩን ላሰው! ቀስ!» ዝቅ ሳደርገው ባሰበት። ጲጵ ይላል፣ እቆፍራለሁ፣ ሚስማር። ጲጵ፣ የለስላሳ ቆርኪ። ጲጵ፣ የእርዳታ ዘይት ጣሳ ክዳን። አንዴ እየጮኸ የትም ብሄድ አልተወኝም፤ ብዙ ቆፍሬ ካበቃሁ በኋላ ተስፋዬ መሬት ተቀምጦ እየሳቀ የጫማዬን ጫፍ አሳየኝ። ብረት አለው ለካ። ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ቀጠልኩ፤ እሾሁን ሳልቆጥር።

በማግስቱ ጆሮዬ መለየት ጀመረ። ሚስማር ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይጠፋል። በአንዱ ማዕዘን፣ ከቁልቋሉ ሥር፣ ወፍራም ድምፅ መጣ፤ ከሩቅ የሚጮህ በሬ ዓይነት። ቆፈርኩ። ክንዴ እስኪገባ ቆፈርኩ። ያረጀ፣ የተበላ፣ ጫፉ የዶለዶመ ማረሻ እጄ ላይ ወጣ። አባቴ የያዘው ብረት ነው። አፈሩን በሸሚዜ ጠረግሁት። ቀና ስል አዴራ አማን ከዘራውን ተደግፎ ቆሟል።

«አገኘህ?»

«ድንበሬን አገኘሁ አዴራ!» ብዬ ወደ ላይ አነሳሁለት።

ማረሻውን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ማሽኑን አየ። «ማሻ አላህ» ብሎ ሄደ።

እኔም ሮጥኩ፣ ማረሻውን እንደ ሕፃን ታቅፌ ኦቦ ቱፋ ዘንድ። ኦቦ ቱፋ የአካባቢው አስታራቂ፣ ቃላቸው የማይመለስ ሽማግሌ ናቸው። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የድንበራችን ማረሻ ነው።»

«እኔ የማየው ብረት ነው። መሬት ውስጥ ሳለ ምስክር ነበር። ምነው ሳትነቅለው ብትጠራኝ?»

ማን ነገረኝ? እናቴ መቀበሩን እንጂ አወጣጡን አልነገረችኝም። የድንበር ነገር የሚያስተምርህ አባት ነው፣ እኔ ደግሞ አባት አልነበረኝም። «መልሼ ልቅበረው?» አልኳቸው።

«መቅበርማ ማንም ይቀብራል። ስማ፣ የቀሩትን እንዳትነካ። ነገ ጁምዓ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። አንተ ማሽኑ የሚጮህበትን ታሳያለህ፣ እኛ ባለንበት ይቆፈራል። ሦስቱ በየማዕዘናቸው ከተገኙ ድንጋዩ ዋሽቷል ማለት ነው።»

ተመልሼ የቀሩትን ማዕዘኖች በማሽኑ ዞርኳቸው። ሁሉም ጋ ያ ወፍራም ድምፅ አለ! እጄን እንኳ አላስጠጋሁም። ደስታ ያኔ ነበር የቀመስኩት፤ ጣዕሙን አልረሳሁትም፣ አልደገምኩትምም።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አዴራ አማን መስጊዱ ደጅ ቆሞ አንዲት ነገር ተናገረ። ሰድቦኝ አይደለም። መርቆኝ ነው። «የወንድሜ ልጅ ማሽን ይዞ መጥቷል። ጣልያን እዚያ ወርቅ ቀብሯል ይሉ ነበር አባታችን። አላህ ያሳካለት።» ይኸው ነው። ቁጣ የለ፣ ዱላ የለ።

ከሰዓት በኋላ ዶማና አካፋ የያዘ ሰው ግቢውን ሞላው። የማውቃቸውም የማላውቃቸውም። አንዱ የአንዱን ጉድጓድ እየቀማ፣ በገጀራ ቁልቋሉን እየጨፈጨፈ።

«ወርቅ የለም!» ብዬ ጮህኩ። «ማረሻ ነው የምፈልገው!»

«ባይኖር ኖሮ የለም አትልም ነበር» አለኝ አንዱ ቀና ሳይል።

«የመቂ ሽንኩርት ተሸካሚ ብቻውን ወርቅ ሊበላ ነው!» አለ ሌላው። ሳቁ ግቢውን አናወጠው።

«ወላሂ የለም!»

«በለው! መሐላም ጀመረ! ጥልቅ ነው ማለት ነው፣ ቆፍሩ!»

አንዱን እጁን ስይዘው ሌላው በስተኋላዬ ይቆፍራል። ወደዚያ ስሮጥ እዚህ ይከፈታል። እያለቀስኩ ለመንኳቸው፤ እንባዬንም ወርቅ አድርገው ተረጎሙት። ተስፋዬን ፈለግሁት። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ! እዚህም ጋ!» እያለ ያስቆፍር ነበር። ሰውነቱ በላብ ውሃ ሆኗል፣ ዓይኑ እኔን አያይም። የሚያስጮኸው ደግሞ ማዕዘኖቹን ነው። ያ ወፍራም ድምፅ ወርቅ ለሚፈልግም ጥሩ ድምፅ ነዋ።

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ቱፋ ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ። ግቢው ከርከሮ ያደረበት ማሳ መስሏል። መሐል ላይ የብረት ክምር አለ፤ ጣሳ፣ ሽቦ፣ የተቆረጠ ሰንሰለት፣ የበሰበሰ መጋዝ፣ በመሐሉም ሦስት ማረሻዎች። ማን እንዳወጣቸው፣ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጡ የሚናገር ሰው አልተገኘም። ወርቅ ስላልተገኘ ሁሉም አፍሮ፣ «እኔ አልነበርኩም» ባይ ሆኗል።

«ከየት ወጡ?» አሉኝ ኦቦ ቱፋ።

«ከማዕዘኖቹ።»

«የትኛው ነው ማዕዘኑ?»

ቁልቋሉ ተጨፍጭፏል። ጉድጓዱ ስፍር የለውም። እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው፣ ግን ያሳየኋቸው የተቆፈረውን መሬት ሁሉ ነው። አዴራ አማን ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ነበር፣ እንደ ለቀስተኛ። ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተማከሩ። ኦቦ ቱፋ ተመልሰው ትከሻዬ ላይ እጃቸውን ጫኑ። «ልቤ ካንተ ጋር ነው» አሉ፤ «ቃሌ ግን ከማየው ጋር ነው። የቆመው ድንጋዩ ብቻ ነው።»

እናቴ ስነግራት ባልዲውን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ከዓመታት በኋላ የሞተችው በዚያችው በሰው ጓሮ ክፍል ነው። ቀብሯ ላይ አዴራ አማን መጥቶ አፈር አለበሳት፤ ማን ይከለክለዋል?

እሱ ሲሞት ደውለው ነገሩኝ። አልሄድም ብዬ ነበር፣ ሄድኩ። ሬሳው ወጥቶ የጀናዛ ሶላት ሊሰገድበት ሲል ሼኹ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሟቹ ላይ ሐቅ ያለው ይናገር። ለአላህ ብላችሁ ይቅር በሉት፣ ዐፍው በሉት።»

«ዐፍው ብለናል!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

እኔ ዝም አልኩ። ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቃል፤ አንድ በአንድ ዞረው ያዩኝ ጀመር። ሼኹ ደገሙ። ፀሐዩ ከሬሳው ላይ አልወርድ ብሏል። ትልቁ ልጁ አጠገቤ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። «ወንድሜ» አለኝ፣ «አባቴን አታስቁምብኝ።» ግቢውን እመልሳለሁ አላለም። ማንም አላለም። በቁሙ ያለ ሰው ራሱ ይለምንሃል፤ ሬሳ ግን ማንን ይለምናል? ሬሳ ፊት ተቁሞ እንቢ የሚል አንደበት እኔ ጋ አልተገኘም።

«ዐፍው ብያለሁ» አልኩ።

ዛሬ ልጆቹ ሽንኩርት ያለሙበታል፤ አይሱዙ በሩ ድረስ ገብቶ ይጭናል። መሬቱ ይችላል፣ ጥሩ መሬት ነው። ሰው አንዳንዴ «ከልብህ ነው ይቅር ያልከው?» ይለኛል። እኔ አላውቅም። ያን ዕለት የጠየቁት አፌን ነው፣ አፌም መልሷል፤ ልቤን የጠየቀው የለም፣ ቢጠየቅም ቀን አልፎበታል። ነገሩ አዴራ አማን በተቀበረበት ዕለት፣ ማክሰኞ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. አለቀ።